ድርሰት ወይስ ማመልከቻ? በትንንሽ ልጆቻችን የጽሕፈት ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

 ይህን የምጽፍላችሁ ከሐርጌሳ፣ ከዋሄን ገበያ ጀርባ ካለች አንዲት ክፍል ሆኜ ነው። እኛ ካምፕ ውስጥ አይደለንም፤ ከተማው መሃል ቤት ተከራይተን የምንኖር ስደተኞች ነን። ቢሆንም እኔ የማስተምራቸው ልጆች እናንተ በካምፕ ከምታስተምሯቸው ብዙም የሚለዩ አልመሰለኝም። ስለዚህ በጽሕፈት ትምህርት የገጠመኝን ባካፍላችሁ ይጠቅማል ብዬ ተነሳሁ። ሂስ ነው። መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ እኔኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን የአራተኛ ክፍል ልጆችን «ስለ ሰፈራችሁ አንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» አልኳቸው። በማግስቱ ደብተሮቹን ሳገላብጥ የአንድ አሥር ዓመት ልጅ ሥራ ላይ ደረስኩ። ከላይ በቀኝ በኩል ቀን ጽፏል። ከሥሩ «ለሚመለከተው ክፍል» ይላል። ዝቅ ብሎ፣ በመስመር የተሰመረበት፣ «ጉዳዩ፡- ስለ ሰፈሬ ማስረዳትን ይመለከታል»። ከዚያ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው እኔ አመልካች የምኖረው ከገበያው አጠገብ ሲሆን…» እያለ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ፈርሟል። ፊርማው ሳይቀር የትልቅ ሰው ፊርማ ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ለባልደረቦቼም አሳየኋቸው፤ እነሱም ሳቁ። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ሳቁ ጠፋ። ይህ ልጅ በሕይወቱ ትልቅ ሰው ሲጽፍ ያየው አባቱ ማመልከቻ ሲጽፍ ብቻ ነው። በቤቱ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚወጡት አንድ ቢሮ ለመሄድ ሲታሰብ ነው። አገር ቤት ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው በክፍያ የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ስንመጣ እያንዳንዱ አባወራ የራሱ ራፖር ጸሐፊ ሆነ። ልጁም መጻፍ ማለት መለመን ነው ብሎ ቢደመድም ምን ይፈረድበታል?

ለዚህ ጥፋት ግን ስደትን ብቻ መውቀስ ራስን ማታለል ነው። እኛ መምህራን ከማመልከቻ ሌላ ምን አሳየነው? እስቲ የራሳችንን ትምህርት እናስታውስ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ድርሰት ማለት «ስለ ላም»፣ «የትምህርት ጥቅም»፣ «ክረምት» ነበር። «ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር አላት። ላም ወተት ትሰጠናለች።» መምህራችን «ራይት» ያደርጉልን ነበር። ስልሳ ተማሪ ስልሳ ላም ጻፈ፤ ስልሳዎቹም ላሞች አንድ ላም ነበሩ። ከመካከላችን ቤቱ ላም ያለው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያግድ ልጅ ነበር። የነሱ ላም አመለኛ እንደሆነች፣ ከእናቱ በቀር ማንንም እንደማታስጠጋ ለኛ በእረፍት ሰዓት ይነግረን ነበር። ደብተሩ ላይ ግን አራት እግር እንዳላት ብቻ ጻፈ። እኔም አስተማሪ ሆኜ ይኸው ላሟን ሐርጌሳ ድረስ ይዣት መጥቼ ነበር።

ቋንቋችንም ራሱ ትንሽ ያሳስተናል። በአማርኛ «ጽሕፈት» ስንል ሁለት ነገር እናቀላቅላለን። «ጽሕፈቱ ያምራል» ከተባለ የተመሰገነው የፊደሉ ቅርጽ ነው እንጂ የተባለው ነገር አይደለም። ይህ ከሩቅ የመጣ ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት የኔታ ዘንድ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ንባብ ይማር ነበር፤ መጻፍ ግን ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነበር፤ ብራና የሚዳምጥ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ብርዕ የሚቀርጽ የቁም ጸሐፊ ሥራ። ብዙ የተማረ ሰው ዳዊት በቃሉ እየደገመ እጁ ግን ሳይጽፍ ይኖር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ሁለቱን አንድ ላይ አመጣቸው። ቢሆንም የቁም ጸሐፊው አስተሳሰብ በክፍላችን ውስጥ ዛሬም ያለ ይመስለኛል። ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጡ፤ የቃል ጽሕፈት፤ አምስት ጊዜ ደግማችሁ ጻፉ። ልጁ ግልባጭ ይሆናል። ግልባጭ ደግሞ የራሱ ሐሳብ አይጠየቅም።

የሚለካውም ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከተሰጣቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታወቀ። አስደንጋጭ ነው፤ ከዚያ በኋላ አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ያደረገ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን የተቆጠረው በደቂቃ ስንት ቃል ተነበበ የሚለው ነው። ሰዓት ይዞ መቁጠር ይቻላላ! ልጁ በራሱ እጅ ምን እንደጻፈ ለመመዘን ግን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል፤ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ይታለፋል። የማይለካ ነገር ደግሞ የክፍለ ጊዜ ድርሻው እያነሰ ይሄዳል፤ በሰኞው ፕሮግራም ላይ ካለ የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ ናት።

አሁን ወደ ዋሄን ልመለስ። እኔ ክፍል ውስጥ ያለው ችግር ከላሟም ይብሳል፤ ምክንያቱም ልጆቹ በአንድ ፊደል አይጽፉም። አንዱ ሀ ሁ ቆጥሯል። ሌላዋ ከሐረርጌ በቁቤ ጀምራ መጥታለች። እዚህ የተወለዱት ሰፈር ውስጥ ሶማሊኛ ያነባሉ። ከሰዓት በኋላ ቁርአን ቤት የሚሄዱት ዓረብኛ ይጨምራሉ። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁሉም ላይ አለ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ኦሮምኛ በቁቤ በይፋ መጻፍ የጀመረው በ1991። ሁለቱም ላቲን ናቸው ብሎ የሚዘናጋ መምህር ካለ እኔን ይመልከት። «ኤክስ» የምትባለው ፊደል በቁቤ «ጠ» ናት፤ በሶማሊኛ ደግሞ «ሐ»። «ሲ» በቁቤ «ጨ» ናት፤ በሶማሊኛ ግን ከጉሮሮ የምትወጣዋ «ዐ»። ስለዚህ ጫልቱ የምትባል ልጅ ስሟን በቁቤ አስተካክላ ብትጽፍ የሐርጌሳ ሰው «ዓልቱ» ብሎ ይጠራታል። እሷም በተራዋ ሐሊማ የምትባለዋን የክፍል ጓደኛዋን ከወረቀት ስታነብ «ጠሊማ» ትላታለች። (በኛ ቤት ደግሞ «ኤክስ» ማለት ስህተት ማለት ስለሆነ፣ አንዴ አንድ የሶማሊኛ ቃል ላይ «ኤክስ» አድርጌበት ልጁ «ቲቸር፣ ለምን ሐ ጨመርክበት?» ብሎኛል።)

ፊደላችንም ቢሆን ጸዳ ያለ አይደለም። «ዶሮው ይበላል» ብሎ የጻፈ ልጅ ዶሮው እየበላ ነው ወይስ ሊበላ ነው? ስንናገር በማጥበቅና በማላላት እንለየዋለን፤ ወረቀቱ ግን ዝም ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገው ነበር፤ ተከታይ ግን ብዙም አላገኙም። እንደ ሐዲስ ያሉ ደራሲ የተቸገሩበትን ነገር የአራተኛ ክፍል ልጅ ሲሳሳትበት ቀይ እስክሪብቶ መምዘዝ ትንሽ ያሳፍራል። ስለ «ሥራ» እና «ስራ»፣ ስለ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እኔ ማርክ መቀነስ ትቻለሁ። የምትቀንሱ ካላችሁ አልጣላችሁም።

አንድ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነገር አየሁ፤ ይሄንንም ከመጻፍ አልታቀብም። የአንድ ድርጅት እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ልጆቹ «የስደት ሕይወቴ» በሚል ርዕስ እንዲጽፉ ተጠየቅን። ጻፉ። እንግዶቹ ጥቂቱን አስተርጉመው ሰሙ፤ ባዘኑበት ጽሑፍ ላይ ቆም ብለው ልጁን አቀፉት፤ ደብተርና እስክሪብቶም ተሰጠ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ድርሰት ሳዝ በጽሑፉ ውስጥ ያልሞተ ሰው ጠፋ! አንዲት ልጅ እናቷ በመንገድ ላይ እንደሞተች ጽፋለች። እናትየዋን በዋዜማው ዋሄን ሻይ ስትሸጥ አይቻታለሁ፤ እንዲያውም ዱቤ አለብኝ። ልጅቷን ጠርቼ ጠየቅኋት። አላፈረችም። «ቲቸር፣ እንደዚህ ሲሆን ነው የሚወዱት» አለችኝ።

ይህች ልጅ ጎበዝ ናት፤ አንባቢዋን አውቃለች። ነገር ግን የጻፈችው ያው ማመልከቻ ነው፤ «ጉዳዩ» የሚለው ብቻ ተደብቋል። ላሟም፣ ማመልከቻውም፣ የሐዘን ድርሰቱም አንድ ነገር ናቸው ብዬ ያሰብኩት የዚያን ቀን ነው። በሦስቱም ልጁ የሚጽፈው ሌላ ሰው ሊሰማ የፈለገውን ነው። ልጆች ስለደረሰባቸው መከራ አይጻፉ አላልኩም። ማንም እንዲያለቅስላቸው ሳይጠበቅባቸው ይጻፉ ነው የምለው።

መፍትሔ ስፈልግ አንድ መጽሐፍ አጋጠመኝ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስላቋረጥኩ የሥነ ትምህርት መጻሕፍትን በሥርዓት አንብቤአለሁ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ይሄ ግን ተራ መምህር የሚያነበው ነው። ጣሊያን አገር፣ በቶስካና ተራራ ላይ ባርቢያና የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። ዶን ሎሬንዞ ሚላኒ የተባሉ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደዚያ ተመደቡና፣ መደበኛው ትምህርት ቤት ጥሏቸው ለነበሩ የገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስምንት ተማሪዎቻቸው አንድ ላይ ሆነው ለአንዲት መምህርት ደብዳቤ ጻፉ፤ እሱም በ1967 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ቄሱ መጽሐፉን በወጣ በጥቂት ሳምንት ሞቱ። እኔን የያዘኝ ነገር ይህ ነው፡- ድሆች ናቸው፣ ወድቀዋል፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ግን አንድም ነገር አይለምኑም። ድሆች ለምን ከትምህርት ቤት እንደሚባረሩ በቁጥር አስልተው መምህርቷን ይከሳሉ። «ከሰላምታ ጋር» የማይባልበት ደብዳቤ ነው።

አጻጻፋቸውንም እዚያው ያስረዳሉ። እያንዳንዱ ልጅ ሐሳብ በመጣለት ቁጥር በትንሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ አንድ ሐሳብ በአንድ ወረቀት። በኋላ ወረቀቶቹ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። የተደጋገመው ይጣላል፤ የሚመሳሰለው ይከመራል፤ ክምሩ ምዕራፍ ይሆናል። ከዚያ ትርፍ ቃል እያነሱ ማሳጠር ነው። ጨርሰውም ለውጭ ሰው ያስነብባሉ፤ ያልገባው ነገር ካለ ይስተካከላል።

እኔም ሞከርኩት። ወረቀት ስላልነበረ የፓስታ ካርቶን ከሱቆች ለምነን ቆራረጥን። (አዎ፣ ለምነን።) ርዕሱ የዋሄን ቃጠሎ ነበር። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አርብ ማታ ገበያው እንደተቃጠለና በሺህ የሚቆጠር ሱቅና መደብ እንደወደመ ሰምታችኋል። ከዚያ ወዲህ ብዙው ተመልሶ ተሠርቷል፤ ልጆቹ ግን ያን ሌሊት አልረሱትም። «እንዳታዝኑ፣ እንዳታስለቅሱ፤ ያያችሁትን ብቻ» አልኳቸው።

የመጡት ካርቶኖች እነሆ። «ሰው ሁሉ ከእሳቱ አልሸሸም፤ ወደ እሳቱ ነው የሮጠው፤ ዕቃው እዚያ ስለሆነ።» «የእማዬ ብርጭቆዎች ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ትልቅ ብርጭቆ ሆኑ።» «አጎቴ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሱቁ የለም፤ ቁልፉ አለ።» «በማግስቱ ረመዳን ገባ፤ ጭሱ ሳይጠፋ ጾሙ።» እኔ ያን ሌሊት እዚያው ነበርኩ። ሰው ወደ እሳቱ መሮጡን አይቻለሁ፤ ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም ነበር። በአሥር ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከተማሪ ደብተር አዲስ ነገር የተማርኩት የዚያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደመወዝ ሲዘገይ የምጽናናውም በዚህ ነው፤ ይዘገያል ደግሞ።

አንድ ካርቶን በቁቤ ነበር፤ ሦስቱ በሶማሊኛ። መጀመሪያ «በአማርኛ ገልብጡ» ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። ጮክ ብለን አነበብናቸው፤ ክፍሉ በሙሉ ተረባርቦ ወደ አማርኛ መለሳቸው። «እሳት» የምትለው ቃል ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ «ዳብ» ትሁን አለ፤ ሰው ሲጮህ የሰማው «ዳብ! ዳብ!» ሲል ነው። ሌላዋ አያቷ «እቢዳ!» ነው ያሉት። በመጨረሻ የጮኸው ሰው በጮኸበት ቋንቋ እንዲጻፍ ተስማሙ። የተማሩ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ተጣልተው ስንት ዘመን እንደፈጁ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨረሱት።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ሠመረ ብዬ አልሸነግላችሁም። የባርቢያና ልጆች ከኔዎቹ በዕድሜ ከፍ ያሉ ነበሩ፤ ትምህርት ቤታቸው ቀኑን ሙሉ፣ በዓል ሳይል ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነበር። እኔ ያለኝ አርባ ደቂቃ ነው። ካርቶን ለመደርደር ብቻ አራት ክፍለ ጊዜ ሄደ። በዚህ ላይ አንድ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ጠረጴዛውን ተቆጣጠረና የዝምተኞቹን ካርቶን ከሥር ከሥር መሸጎጥ ጀመረ። ያኔ ነው የመጽሐፉም ጉድለት የታየኝ፡- ስምንት ልጆች ጽፈውት የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። የትኛው ልጅ የትኛውን እንዳለ አይታወቅም። ለክስ ደብዳቤ ይሄ ኃይል ይሰጠዋል፤ ገና የራሱን ድምፅ ለሚፈልግ ትንሽ ልጅ ግን አይሆንም። ስለዚህ ካርቶኖቹን አንድ ድርሰት ለማድረግ መታገሉን ተውኩ። እያንዳንዱ እንዳለ፣ ከነጸሐፊው ስም፣ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተለጠፈ።

ታዲያ አንዲት እናት መጥታ አነበበችና ተቆጣችኝ። «ይሄ ሁሉ የፊደል ስህተት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንዴ? አንተ ታሪክ ታስጽፋለህ፤ የኔ ልጅ ስሟን አስተካክላ አትጽፍም» አለችኝ። ተሟጋች መሆን አምሮኝ ነበር። ቀጥላ ግን የልጇ ስም በአንድ መዝገብ ላይ በአንድ ፊደል ተሳስቶ በመጻፉ ሰባት ወር ሙሉ እንደተመላለሰች ነገረችኝ። ምን ልመልስላት? እውነቷን ነው። ለባለ አገር ልጅ የፊደል ስህተት ማርክ ያስቀንሳል፤ ለስደተኛ ልጅ ግን ስሟ ካልተገጣጠመ ሌላ ሰው ናት ትባላለች። «ልጁ ሐሳቡን ይግለጽ እንጂ ፊደሉ ይደርሳል» የሚሉት አንዳንድ ሥልጠናዎች ይህን አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለሁለት ከፈልኩት። ማክሰኞ የስም ቀን ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቦታ፤ በፊደል፣ በቁቤ፣ በሶማሊኛ፣ በእንግሊዝኛ። እዚህ ላይ ምሕረት የለም፤ ቀይ እስክሪብቶ አለ፤ አሥር ጊዜም ይጻፋል። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍም እዚያው አስተምራለሁ፤ ያስፈልጋቸዋልና። ሐሙስ የድርሰት ቀን ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ቤቴ ይቀራል። መጀመሪያ የማደርገው ስለተጻፈው ነገር አንድ ጥያቄ በእርሳስ መጻፍ ነው፡- «ከዚያስ?»፣ «ማን ነው ያለው?»፣ «ምን ይሸት ነበር?»። ልጁ ለጥያቄው መልስ ከጻፈ በኋላ ነው ፊደሉን አብረን የምናስተካክለው። የሚሻል መንገድ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ሰባና ሰማንያ ልጅ ይዛችሁ እርማቱን እንዴት እንደምትወጡት ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ይዤ ሌሊቱ አይበቃኝም።

ያ ባለ ማመልከቻው ልጅ ለብዙ ሐሙስ ከቅጹ አልወጣም። ቀኑንና «ለሚመለከተው»ን ተወ፤ «ከሰላምታ ጋር» ግን አልለቀቀውም። እኔም ዝም አልኩት። ባለፈው ወር «አንድ ዕቃ» በሚል ርዕስ እንዲህ ብሎ ጻፈ፡-

«አባቴ ማመልከቻውን አራት ጊዜ ያጥፈዋል። ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ቢሮው ጋ ሲደርስ ይዘረጋዋል። ሲመለስ እንደገና ያጥፈዋል። ሁልጊዜ በዚያው በድሮው መታጠፊያ ነው የሚያጥፈው። አሁን ወረቀቱ እንደ ጨርቅ ሆኗል። እጥበው ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

«ከዚያስ?» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበት። «ጨርቅ» በ«ጬ» ነበር የተጻፈችው፤ እሷን ለሚቀጥለው ሐሙስ አቆየኋት።